ልብ ወለድና ንስሐ

ልጁ ዳዊት ሲደግም ደስ የሚለው ወላጅ፣ ያው ልጅ ልብ ወለድ ይዞ ሲያየው ቅር ይለዋል። ይህ ስሜት በደባርቅና በዳባትም ሆነ በሌላው የሰሜን ተራሮች ግርጌ ከተማ እንግዳ አይደለም፤ ልብ ወለድ ከጸሎት ጊዜ የሚሰርቅ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ የሚያወራ መጽሐፍ ነው ይባላል። እኔ ግን ጥሩ ልብ ወለድ ምእመንን ወደ ንስሐ ያቀርባል ባይ ነኝ። ነቢዩ ናታን የዳዊትን ኃጢአት ሊገልጥ ሲሄድ ሕግ አልጠቀሰም፤ የድሃውን አንዲት በግ ስለቀማ ባለጸጋ ነገረው። ንጉሡ በባለጸጋው ተቆጥቶ ሞት ከፈረደበት በኋላ ነው ፍርዱ በራሱ ላይ መሆኑን የሰማው። ያ ባለጸጋ በእስራኤል ምድር የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ የዳዊት ንስሐ ግን እውነተኛ ነበር። የጠፋው ልጅ አባት ስሙ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰባኪስ የት አለ? ቅዱስ ያሬድ ዕድሜውን ፈጸመበት ተብሎ በሚታመንበት በዚህ በሰሜን አገር፣ ሕዝቡ ትዕግሥትን የተማረው ያሬድ ካያት፣ እየወደቀች ዛፍ ከምትወጣው ትል ታሪክ ነው። ልብ ወለድ ከገድልና ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ይተካከል የሚል የለም፤ ዶግማም አይመሠረትበትም። ሥራው የናታን ሥራ ነው፤ በሌላው ላይ አስፈርዶ ወደ ራስ መመለስ።

የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በፍቅር ታሪክነቱ ይበልጥ ሲነገርለት ኖሯል፤ በውስጡ ያለው የእምነት ጥያቄ ግን ከባድ ነው። በዛብህ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ ነው። ስለቱን የተናገረችው እናት፣ ዕዳውን የሚከፍለው ልጅ። ሐናም ሳሙኤልን ተስላ ሰጥታለች፤ ዮፍታሔ ግን በአፉ በወጣ ስለት ልጁን አጣ። አንባቢው በበዛብህ ጭንቀት ውስጥ ሲያልፍ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ለእግዚአብሔር የምሰጠው የራሴን ነው ወይስ የሌላውን ሕይወት ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ ናቸው። ለልጃቸው የሚመጥን ባል ፍለጋ አጥንት ሲቆጥሩ ሰብለ ወንጌልን ያለ ትዳር ያቆዩአት፣ ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ ሰው ናቸው። ስለ ትዕቢት የተሰበከውን ስብከት ለጎረቤታችን መስጠት ይቀለናል፤ በፊታውራሪው ስቀን ስቀን የየቤታችንን የዘር ኩራት ስናይ ግን ማምለጫ የለንም።

ፍቅር እስከ መቃብርን እያነሡ፣ ካህናትን የሚተች መጽሐፍ ምን ያስተምራል የሚሉ አሉ። ሐዲስ በጎጃም የቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ የነቀፉትን ቤት ከውስጥ ያውቁታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሆነው ሳለ፣ በ1925 ዓ.ም. በታተመው አዲስ ዓለም በተባለው ልብ ወለዳቸው ድሃን ባዶ የሚያስቀረውን የተዝካር ድግስ ተችተዋል። ነቢያትስ በመቅደሱ አገልጋዮች ላይ ከዚህ የከረረ ቃል አልተናገሩምን? እርግጥ ነው፣ ሥጋዊ ምኞትን ከመቀስቀስ ሌላ ቁም ነገር የሌላቸው መጻሕፍት ሞልተዋል። የእነሱ መድኃኒት ግን መርጦ ማንበብ ነው፤ ሁሉንም መዝጋት ጥሩውንም ያስቀራል።

ለዚህ አካባቢ ደግሞ ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ነገሡ። ጸሎተኛም ጨካኝም የነበሩትን እኚህን ንጉሥ አቤ ጉበኛ በአንድ ለእናቱ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዕንባ በተባለው መጽሐፍ በልብ ወለድ ጽፈዋቸዋል። የታሪክ መጽሐፍ የዘመቻውን ቀን ይነግረናል፤ አንድ ልብ እምነትንና ቁጣን እንዴት አብሮ እንደሚይዝ ለማየት ግን ልብ ወለዱ ይቀርባል። የቅርብ ጊዜ ቁስልም አለ፤ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ወገኑን ለቀበረ ሰው ይቅር በል ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፣ ለሰሚው ግን እሳት ነው። በቀል የገዳዩንም የሟችንም ቤት እንዴት እንደሚበላ፣ ይቅርታም ስንት እንደሚያስከፍል ቀስ ብሎ የሚያሳይ ታሪክ ያስፈልገዋል። የደባርቅና የዳባት ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከመዝሙሩና ከትምህርቱ ጎን አንድ ጥሩ ልብ ወለድ መርጠው፣ የንስሐ አባቶችም ባሉበት አብረው አንብበው ይወያዩበት። በፍቅር እስከ መቃብር ይጀምሩ።