«ዘግይቶ መጣ» የሚለው ሐረግ ማንን ይወቅሳል? በምግብ ቧንቧ ካንሰር ምርመራና ሕክምና ቅደም ተከተል ላይ የቀረበ አስተያየት

ስለ ምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚጻፉ የሕክምና መዝገቦችና የምርምር ጽሑፎች ውስጥ አንድ ሐረግ ተደጋግሞ ይነበባል፦ «ሕመምተኛው ዘግይቶ መጣ»። ሐረጉ ተራ ገለጻ ይምሰል እንጂ ተጠያቂነትን ሳይታወቅ በአንድ ወገን ላይ ያሳርፋል፤ ሕመምተኛው ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር የሚል ድምዳሜም በውስጡ ይዟል። ይሁን እንጂ የመዘግየቱ ትልቁ ክፍል የሚመነጨው ከበሽታው ጠባይና ከሕክምናው አደረጃጀት ነው። ይህን መቀበል ደግሞ ለየትኛው ሕክምና ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ በአዲስ መልክ ያስነሣል።

የምግብ ቧንቧ ጉርሻ ሲያልፍበት የሚለጠጥ የጡንቻ ቱቦ ነው። በዚህ የመለጠጥ ችሎታው ምክንያት በአንድ ጎኑ ዕጢ ቢበቅልበትም ምግብ ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ያሳልፋል። ጠጣር ምግብ መሰናከል የሚጀምረው በአብዛኛው የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ወደ 13 ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች ሲጠብ ነው። በተጨማሪም አብዛኞቹን የሥርዓተ ልመት ክፍሎች ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ገለፈት የምግብ ቧንቧን አይሸፍንም። በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው የሊምፍ መረብም ሰፊ በመሆኑ የካንሰሩ ሕዋሳት ወደ ንፍፊቶች ለመዛመት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉርሻ በተሰናከለበት ዕለት ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የቧንቧውን ጡንቻ ዘልቋል። ሕመምተኛው በዚያው ቀን ሐኪም ፊት ቢቀርብ እንኳ በበሽታው አቈጣጠር ዘግይቷል።

በዚህ ተፈጥሯዊ መዘግየት ላይ ሌላ ይደረብበታል። ሕመምተኛው መጀመሪያ እንጀራውን በወጥ አብዝቶ በማራስ፣ ቀጥሎም ወደ አጥሚትና ወደ ሌላ ፈሳሽ በመሸጋገር ራሱን ከችግሩ ጋር ያላምዳል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ምልክቱ «ጨጓራ» ተብሎ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ኢንዶስኮፒ በሚገኝበት ከተማ ቀጠሮ መያዝ፣ የባዮፕሲውን ውጤት መጠበቅ፣ ከዚያም የስርጭቱን ደረጃ ለመለየት ሲቲ ስካን መነሣት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጊዜና ወጪ አላቸው። መዋጥ ላቃተው ሰው ግን ያለፈ ሳምንት ሁሉ የጠፋ ክብደት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከአርሲና ከባሌ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የሚዘልቀው ቀጠና በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ቀጠና ጎልቶ የሚታየው ዓይነት ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ሲሆን፣ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው አዲኖካርሲኖማ ግን ከአሲድ መመለስና ከከፍተኛ ውፍረት ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ በሽታው ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሰዎችም ላይ ስለሚታይ ትምባሆና አልኮል ብቻቸውን በቂ ማብራሪያ አይሆኑም። ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ ይገኛሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥን «ምናልባትም ካንሰር አምጪ» በሚለው ምድብ አስቀምጧል። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ ወደ 511 ሺህ ሰዎች በበሽታው ሲያዙ ወደ 445 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል።

ስለ ሕክምናው ሲነገር በአርአያነት የሚጠቀሰው በኔዘርላንድስ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው «ክሮስ» የተባለ ጥናት ነው። በጥናቱ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒና ጨረር በተሰጣቸው ሕሙማን ዘንድ የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታ 49.4 ወር ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና ብቻ በተደረገላቸው ዘንድ 24 ወር ነበር። ውጤቱ ታላቅ ነው። ሆኖም በጥናቱ የተካተቱት ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልና ከክብደታቸው ከ10 በመቶ በላይ ያልቀነሱ ሰዎች ነበሩ። ፈሳሽ ብቻ እየዋጠ የሚመጣ ሕመምተኛ ይህን መስፈርት የማሟላት ዕድሉ ጠባብ ነው። የሕክምና ዕቅድ በዚህ ጥናት ላይ ብቻ ቢመሠረት፣ ከምርመራ ክፍል ከሚወጡት ሰዎች ብዙዎቹ በእጃቸው የሚይዙት የምርመራ ውጤታቸውን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ መዋጥን መመለስ ራሱን የቻለ ሕክምና ተደርጎ ሊታይ ይገባል። በኢንዶስኮፒ አማካይነት የሚገባው፣ በራሱ የሚሰፋው የብረት ስቴንት በአጭር ጊዜ ተተክሎ ሕመምተኛው በቀናት ውስጥ እንደገና እንዲመገብ ያስችላል። በኬንያ የቴንዌክ ሆስፒታል ልምድ እንደሚያሳየው ስቴንቱን በኢንዶስኮፒ ብቻ፣ ያለ ኤክስሬይ መመልከቻ መትከል ይቻላል። እርግጥ ስቴንት እንከን የለሽ አይደለም፤ ከቦታው ሊንሸራተት፣ የደረት ሕመም ሊያስከትል፣ ዕጢው አድጎ መልሶ ሊደፍነው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኔዘርላንድስ ንጽጽር ጥናትም ስቴንት ፈጣን እፎይታ እንደሚሰጥ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚሰጥ ጨረር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ እፎይታ እንደሚያስገኝ አሳይቷል። የጨረር ሕክምና ማዕከላት በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኙበትና ወረፋው ረጅም በሆነበት አገር ግን ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በስቴንትና በጨረር መካከል ሳይሆን በስቴንትና በረኀብ መካከል ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ማስታገሻን ማስቀደም ለማዳን ያለውን ጥረት ያዳክማል የሚል ነው። ነገር ግን ስቴንት ለመትከል የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒና የሠለጠነ ባለሙያ ለቅድመ ምርመራም የሚያገለግል ስለሆነ አንዱ ለሌላው መሠረት ይጥላል። ሁለተኛው የጅምላ ቅድመ ምርመራ ይቅደም የሚል ነው። በሰሜን ቻይና መንደሮች በአዮዲን ቀለም የታገዘ የአንድ ጊዜ የኢንዶስኮፒ ምርመራ በ10 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞትን መጠን ከ5.05 ወደ 3.35 በመቶ ማውረዱ እውነት ነው። ሆኖም ምልክት ያለበት ሰው ወረፋ በሚጠብቅበት ሁኔታ መሣሪያውን ምልክት ለሌለው ሕዝብ ማዋል ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይሆናል። ቅድመ ምርመራ ሊጀመር የሚገባው ምልክት ያለባቸው ሰዎች ሳይዘገዩ የሚታዩበት ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ ነው።

የሚፈለገው ለውጥ ትልቅ በጀት በማይጠይቅ ነገር ሊጀመር ይችላል። ጠጣር ምግብ መዋጥ የተሳነውን አዋቂ ጤና ጣቢያው የጨጓራ መድኃኒት ሳይሞክርበት በቀጥታ ወደ ኢንዶስኮፒ ይላከው። ስቴንት በመደበኛ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ግዥ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም «ዘግይቶ መጣ» የሚለውን ሐረግ በአራት ቀኖች ይተኩት፦ ጉርሻ መጀመሪያ የተሰናከለበት፣ ሕመምተኛው መጀመሪያ ጤና ተቋም የደረሰበት፣ ኢንዶስኮፒ የተደረገለትና መዋጥ የቻለበት ቀን። በእነዚህ መካከል ያሉት ሦስት ክፍተቶች ሲለኩ የመዘግየቱ ድርሻ ለማን ስንት እንደሆነ ይታወቃል። የመጀመሪያው ክፍተት የሕመምተኛውና የአካባቢው ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን የሕክምናው ሥርዓት ዕዳ ናቸው።