የዓምዱን ጠባይ ለመሣሪያው ማን ይንገረው?

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት አንድ መዝገብ ሲከፈት፣ ቁጥሩና የተከፈተበት ቀን፣ የክርክሩ ዓይነት፣ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ ኋላም ቀጠሮውና የተሰጠው ውሳኔ በየተራቸው ይጻፋሉ፤ ይህን የመሰለው ጽሕፈት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ በተሻገረ ጊዜም እያንዳንዱ ነገር የራሱን ዓምድ ይዞ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ተቀብሎ ለየዓምዱ የሚስማማውን መመርመሪያ ሥዕል ራሱ መርጦ የሚያወጣ ሶፍትዌር ዛሬ ለፈለገው ሁሉ በቅርብ ይገኛል፤ ዓምዱ ቃል ቢይዝ ባር ግራፍ፣ ቁጥር ቢይዝ ሂስቶግራም፣ ቀን ቢይዝ የመስመር ግራፍ ይሰጣል። እኔ ይህን መሣሪያ የምነቅፍ አይደለሁም፤ ነገር ግን ፊደሉን እንጂ ምሥጢሩን የማያነብ ስለ ሆነ፣ የዓምዱን ጠባይ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሳይኖር በሕዝብ መዝገብ ላይ ሊሠለጥን አይገባውም እላለሁ።

የሥዕሉ ጥቅም አያከራክርም። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 እ.ኤ.አ. አራት ትናንሽ ሠንጠረዦች አዘጋጅቶ፣ አማካያቸውም ሆነ የስርጭታቸውና የዝምድናቸው መጠን አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሥዕል ሲወጡ ግን አራቱም ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእርሱም በፊት አሜሪካዊው ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ በ1946 እ.ኤ.አ. መለኪያን ሁሉ በአራት መድቦ፣ ስም ብቻ የሆነውን፣ ማዕርግ ያለውን፣ እኩል ርቀት የሚጠብቀውንና ከእውነተኛ ዜሮ የሚነሣውን ለይቶ ነበር፤ ምርጫውን ለኮምፒዩተር በመስጠት ረገድ ደግሞ ጆክ ማኪንሌይ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ጥበቡ የቆየ ነው፤ ችግሩ የእኛ መዝገብ ጠባይ በዚያ ጥበብ ውስጥ ያልተጻፈ መሆኑ ነው።

ከአድራሻው ዓምድ የልደታ ክፍለ ከተማን ወረዳዎች እንውሰድ። የወረዳዎቹ መጠሪያ አኃዝ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው «03» የሚለውን ሲያገኝ ዜሮውን ጥሎ ቁጥር ነው ይላል፤ ሂስቶግራም ያወጣለታል፤ ከወረዳ 03 እና ከወረዳ 08 የመጡትንም ደምሮና አካፍሎ ማንም የማይኖርበትን ወረዳ አምስት ተኩል ይፈጥራል። የዘመን መቁጠሪያው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ዓመተ ዓለሙን ለአራት ሲያካፍሉ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ትርፍ ባይኖር ዮሐንስ ብለው ቁጥሩን ወደ ስም ይመልሱታል እንጂ የወንጌላውያኑን አማካይ አይፈልጉም፤ አኃዝ መቼ መጠን፣ መቼ ስም እንደሚሆን መለየት ለዚህች አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። በቃላቱም ዓምድ ቢሆን፣ አንዱ ጸሐፊ «ዐቃቤ ሕግ»፣ ሌላው «አቃቤ ህግ» ብለው ቢጽፉ፣ መሣሪያው አንዱን ባለሥልጣን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ዘንግ ያቆምለታል።

የጊዜው ዓምድ ከዚህ ይብሳል። ጠዋት 3 ሰዓት የተቀጠረው ክርክር በመሣሪያው ዘንድ የሌሊት ቀጠሮ ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛው ወር ስሕተት ነው፤ ቢቀበለውም እንኳ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን ብቻ ያላትን ጳጉሜን ከሠላሳ ቀኑ ወር አጠገብ አቁሞ ሥራ የታጎለባት ያስመስላታል። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት ሲዘጉ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህንም ያልተነገረው ሰው ስንፍና ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። በዕድሜ ረገድም በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚጨርሱት ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በዝተው የተመዘገቡት፣ ብዙ ሰው የልደት ዘመኑን በግምት ስለሚናገር ነው። ዕድሜውን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሂስቶግራም ይህን ያጋልጣል፤ መሣሪያው በራሱ ፈቃድ አምስት አምስቱን ዓመት አንድ ላይ ቢያቅፍ ግን ጉብታው ሁሉ ተደልድሎ፣ የታመመው መዝገብ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ባዶው ቦታ ነው። አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ከተከፈተበት እስከ ተዘጋበት ቀን የፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ ዓምድ ቢኖር፣ ገና ውሳኔ ያላገኘው ባለጉዳይ በዚያ ዓምድ የሚጻፍለት ነገር የለውምና ቦታው ባዶ ይሆናል፤ መሣሪያውም ባዶውን በዝምታ ትቶ ያለቁትን ብቻ ይሥላል። እንግዲህ ከሁሉ ረዝሞ የተጉላላው፣ ዓመት ከዓመት በደጅ ጥናት የከረመው ሰው፣ በሥዕሉ ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ ፍትሕ የዘገየበት ሁሉ ከመቁጠሪያው በመውጣቱ ምክንያት ፍትሕ የፈጠነ ይመስላል። ለዚህ የሚገባው ሥዕል ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር በ1958 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ በየጊዜው ገና ያላለቁት ስንት እንደ ሆኑ ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሚያሳየው መስመር ነው። በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ እንዳለው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበትን ጊዜ የሚያጠኑበት ይኸው ስልት ነው፤ ክትትሉ ሳይፈጸም የቀረውን ሰው እስከ ታየበት ቀን ድረስ ይቆጥረዋል እንጂ እንዳልነበረ አያደርገውም። ሆኖም ባዶው ቦታ «ገና አላለቀም» ማለት ይሁን «ጸሐፊው ረሳው» ማለት ይሁን ካልተነገረው፣ መሣሪያው ይህን ሥዕል ከቶ ሊመርጥ አይችልም።

ስለዚህ ማናቸውም የመንግሥት ሠንጠረዥ ለመሣሪያ ከመሰጠቱ አስቀድሞ በአማርኛ የተጻፈ የዓምዶች መዝገበ ቃላት ይኑረው፤ የሚጽፈውም ከውጭ የመጣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን በየዕለቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሬጅስትራር ይሁን። በዚያም ውስጥ የትኛው አኃዝ ስም፣ የትኛው መጠን እንደ ሆነ፣ ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር፣ ሰዓቱም ከንጋት ወይስ ከእኩለ ሌሊት እንደሚነሣ፣ በልዩ ልዩ ፊደል የሚጻፉት ቃላት ወደ የትኛው እንደሚመለሱ ይገለጥ፤ በመጀመሪያው መስመር ግን ባዶ ቦታ በዚህ መዝገብ ምን ማለት እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ከሥዕሉም በታች ስንት መዝገብ እንደ ተተወና ስለ ምን እንደ ተተወ ሳይገለጥ ማንም ኃላፊ አይፈርምበት።