የአባቱን ቤት የሚያፈርስ ልጅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን «ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» የሚባል ተረት አለ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለ እኔ የተነገረ መሆኑን ዐውቄአለሁና፥ በእናንተ ላይም እንዳይደርስ ይህን እጽፋለሁ።

የተወለድሁት በቆጋ ነው። ያደግሁበት ደብር፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ እንደ ጎጃም ልማድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን እንደ ቀለበት ከበውት፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አባቶች በሸማ ሥለው የለጠፏቸው ሥዕሎች ነበሩ። ፊደል ሳልቆጥር መጽሐፌ እነርሱ ነበሩ። ጊዮርጊስን በፈረሱ ላይ፥ በላዔ ሰብእን በሚዛኑ ፊት ያየሁት በዚያ ነው። ደጋጎቹ በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን፥ ክፉዎቹ ግን በጎን በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚሣሉ ያስተማረችኝ አያቴ ናት፤ እርስዋም ፊደል አታውቅም ነበር።

ከተማ ገብቼ ደመወዝ መቀበል ከጀመርሁ በኋላ፥ «ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቶአልና ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ይሠራ» የሚል ምክር ተነሣ። እኔም ከሁሉ ቀደምሁ። በመንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቼ ከአላፊ አግዳሚው ለመንሁ፤ ከጓደኞቼም ገንዘብ ሰበሰብሁ። ብዙ ዘመን የቆመው ቤት በሁለት ቀን ፈረሰ። ሥዕሎቹ ከጭቃው ጋራ ወረዱ፤ እርጥበት የበላው ሸማ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ። አስቀድሞ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ ያነሣ ሰው አልነበረም። አዲሱ ሲመረቅ እልል አልን፤ በግድግዳውም ላይ ከገበያ የተገዛ የወረቀት ሥዕል ሰቀልን።

በሚቀጥለው ጥር፥ ለአቡነ ዘርዐ ቡሩክ በዓል ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ በቡሬና በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ፥ ወደ ግሽ ዓባይ ሄድሁ። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ከባሕር ማዶ የመጡ ሆነው ይህችን ምንጭ አይተዋል። እኔ ግን ጀሪካኔን ጠበል ሞልቼ፥ በስልኬ ራሴን ፎቶ አንሥቼ ለመመለስ ስቸኩል፥ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የቦታውን ታሪክ እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። ጻድቁ ወደ ግዞት በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡት፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ውሃው መጻሕፍቱን ሳያረጥብ መልሶ ተፋላቸው።

ከዚያም «ልጄ፥ ደብርህ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስለ አዲሱ ሕንፃ በኩራት አወራሁላቸው። «የአሮጌው ሥዕልስ ወዴት ደረሰ?» አሉኝ። «የኔታ፥ ፈረሰ» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ውሃ አደራውን ሳያረጥብ መለሰ፤ እናንተ ከጣራ በታች የተሰጣችሁን መጠበቅ አቃታችሁ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም።

እንግዲህ ክርክሬ ከዚህ ይጀምራል። የዛሬ ወጣት ቅዱሳት ቦታዎችን መጎብኘት ይወዳል፤ ይህ መልካም ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ያደንቃል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ላሊበላን ይሳለማል። ነገር ግን ይኸው ወጣት ወደ ቀዬው ሲመለስ፥ የገዛ ደብሩን አሮጌ ግድግዳ ለማፍረስ ገንዘብ ያዋጣል። በሩቅ ያደነቀውን በቅርብ ያፈርሳል። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ሲያሠሩት አዲስ ነበር። ዛሬ የምንደነቅበት ከእኛ በፊት የነበሩት «አርጅቶአል» ብለው ስላላፈረሱት ነው። የእያንዳንዱ ደብር ሰው እንደ እኔ ቢያደርግ ኖሮ፥ የሚጎበኝ ከወዴት ይገኝ ነበር?

ስለ መቅደላ ዘረፋ ስንናገር እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ተገቢ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የወሰዳቸው ብራናዎች እስከ ዛሬ በለንደን አሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932ም የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕል ልጠው፥ በምትኩ አዲስ ሥዕል ለጥፈው ወደ ፓሪስ ወሰዱት። አሮጌውን በአዲስ መለወጥ እንዴት ያለ ንግድ እንደ ሆነ ከዚህ ተማሩ! ነገር ግን በፓሪስ ያለው ሥዕል ዛሬም ይታያል፤ አንድ ቀን እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ያፈረስሁትን ከማን እጠይቃለሁ?

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ፥ በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ሶግን የሚባል አገር አለ። በዚያ ኡርነስ የሚባለው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዓመት ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሞአል። እንዲህ ያሉ ቤቶች በአገሩ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1851 በአውሮፓ አቆጣጠር ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ከደብሩ ሕዝብ ከአሥር ሦስቱን እጅ መያዝ አለበት የሚል ሕግ ወጣ፤ አስቀድሞም የጀመረው ማፍረስ በዚህ ባሰ። ዛሬ የቀሩት 28 ብቻ ናቸው። የቀሩትም ቢሆኑ እንዲያው አልቀሩም። በ1844 የተቋቋመ ማኅበር አንዳንዶቹን በገንዘቡ እየገዛ ከመፍረስ አዳናቸው። በቦርጉንድ አዲሱን ቤተ ክርስቲያን በ1868 ከአሮጌው አጠገብ ሠርተው፥ አሮጌውን ለማኅበሩ ሸጡ። ዛሬ እንግዳ ከሩቅ አገር የሚሄደው አዲሱን ሊያይ አይደለም።

«ሕዝቡ በዛ፤ ቤቱ ጠበበ» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። እውነት ነው። መልሱም በአክሱም አለ። አዲሱ የጽዮን ማርያም ካቴድራል በ1957 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ዐፄ ፋሲል ያሠሩት አሮጌው ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰም፤ ሁለቱም ዛሬ ጎን ለጎን ቆመዋል። «ድኆች ነን» የሚልም አለ። ድሃማ ያለውን ይጠግናል እንጂ ያለውን አፍርሶ በልመና አይሠራም። የጣራን ቀዳዳ መድፈን፥ ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚወርድበት ቦይ መቆፈር፥ የተከመረውን አፈር መዛቅ ከሲሚንቶ ይልቅ ይረክሳል። «አሮጌ ለእግዚአብሔር ክብር አይመጥንም» ለሚለው ግን የምመልሰው በጥያቄ ነው። አባትህ ስላረጀ፥ ለቤትህ ክብር አይመጥንም ብለህ ከደጅ ታወጣዋለህን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተ ማንበብና መጻፍ ታውቃለህ፤ አንቺም እንዲሁ። ስለዚህ በደላችሁ ከእኛ ይበልጣል፤ ኃይላችሁም ከእኛ ይበልጣል። ጃንጥላ ይዞ የሚለምን ሰው ስታገኙ፥ ሳንቲም ከመስጠታችሁ በፊት «አሮጌው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። በደብራችሁ ያለውን ሥዕል ካህናቱን አስፈቅዳችሁ አንድ በአንድ ፎቶ አንሡ፤ የብራናውን ቍጥር በደብተር ጻፉ። ሥዕል በውሃ የሚያጥበውን፥ በገበያ ቀለም ላዩን የሚቀባውንም ከልክሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ መነካካት ክልክል መሆኑን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ይናገራልና፥ ይህን ለሽማግሌዎች በትሕትና አንብቡላቸው።

እኔ አሁን ወደ ደብሬ ስሄድ ልጆች «ጋሼ፥ ድሮ በዚህ ምን ነበረ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ጊዮርጊስ ፈረስና ስለ በላዔ ሰብእ ሚዛን እነግራቸዋለሁ። «አሳየን» ሲሉኝ ግን የማሳያቸው የለኝም። እናንተ የምታሳዩት ይኑራችሁ።