በማኅሌተ ጽጌ ሰሞን ስለ አጋዘን

ማኅሌተ ጽጌና የአጋዘን የስሪያ ወቅት በአንድ ሰሞን ይገጥማሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሳምንታት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ምእመናን ቅዳሜ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ሌሊቱን ቆመን አድረን፣ ቅዳሴው ሲያልቅ እንቅልፍ በከበደው ዓይን መኪና እንነዳለን። አጋዘኑም በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ወንዱ ሴቲቱን ፍለጋ ሌሊትና ማለዳ ይሮጣል፤ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ጭራሽ ይብስበታል፤ አስፋልት ይሁን የሰው ጓሮ አይለይም። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ ከሥራ የምንወጣበት ጊዜ ከምሽቱ ጋር ይገጣጠማል። በዚህ አገር መኪናና አጋዘን በብዛት የሚጋጩት በዚህ ወር ነው። ሌሊት ታክሲና ኡበር ይዘው ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

አንድ አጋዘን በመብራታችሁ ፊት ሲሻገር ካያችሁ ከኋላው ሌላ እንዳለ ቁጠሩት፤ ብቻውን የሚሄደው ጥቂት ነው። ፍሬን ያዙ፣ መስመራችሁን ግን አትልቀቁ። እንስሳውን ላለመግጨት መሪ የጠመዘዘ ሰው ዛፍ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና ይጠብቀዋል። ይህን የምጽፈው ለአጋዘኑ ስለማላዝን አይደለም። ከኋላ ወንበር የተኙት ልጆች ስለሚበልጡብኝ ነው።

እነዚህ ነጭ ጅራት አጋዘኖች ሁልጊዜ እንዲህ በዝተው አልኖሩም። በ1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የቀሩት ከ5 መቶ ሺህ እንደማይበልጡ ይገመታል። ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች ፈጅተዋቸው፣ ጫካውም ተመንጥሮ ሊጠፉ ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለን አውሬ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ወስዶ መሸጥን ከለከለ። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት እንክብካቤ እንዲውል ተወሰነ። በቨርጂኒያ በ1931 የነበሩት 25 ሺህ ገደማ ናቸው ይባላል፤ ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በመላ አገሪቱ ግምቱ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው።

የሚበሏቸው ተኩላና የተራራ አንበሳ ከአገሪቱ ምሥራቅ ክፍል በአብዛኛው ጠፍተዋል። እኛ ቤት የምንገዛባቸው ሰፈሮች ደግሞ ለአጋዘን የተደገሰ ድግስ ናቸው፤ የጫካ ጠርዝ፣ ለምለም ሣር፣ በየደጃፉ የተተከለ አበባ። ሴቲቱ በደህና ዓመት መንታ ትወልዳለች። በሚሺጋን በ1928 በታጠረ መሬት ውስጥ 6 አጋዘኖች ገብተው ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት ሲቆጠሩ 160 ሆነዋል። በዋሽንግተን እምብርት ባለው የሮክ ክሪክ ፓርክ ችግኙን ሁሉ ከሥር ከሥር ስለሚበሉት የሚያረጀውን ዛፍ የሚተካ ስለታጣ፣ ከ2013 ጀምሮ ተኳሾች ሌሊት ሌሊት እየገቡ ቁጥራቸውን እንዲቀንሱ ተደርጓል። ሥጋው ለችግረኞች ማብሊያ ይሰጣል።

የአደን ማስታወቂያ በፓርክ በር ላይ ሲለጠፍ ብዙ ወገኖቻችን ያዝናሉ። «ምን አደረገቻቸው?» የሚል ጥያቄ ከእናቶች አፍ ሰምቻለሁ። ርኅራኄው ይገባኛል። እኛ የምናውቀው አደን የጀግንነት አደን ነው፤ አንበሳና ጎሽ ገድሎ ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክርበታል፣ ይሸለምበታል። እዚህ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ማንም ካልነካቸው አጋዘኖቹ ጫካውን ጨርሰው ክረምቱን በረኃብ፣ ወይም በእኛ መኪና ስር ያልቃሉ። ስለዚህ በሕግ፣ በወቅትና በፈቃድ ሲሆን አደኑን እደግፋለሁ። በፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮች በቀስት የሚያድኑት ሰዎች ብቃታቸው ተፈትኖ ነው የሚገቡት፤ ዛፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ታች ስለሚወነጭፉ የሳተ ፍላጻ መሬት ይገባል እንጂ ርቆ አይሄድም። እንዲያውም በዚህ ዓይነት አደን ይበልጥ የሚጎዳው ከዛፍ የሚወድቀው አዳኝ ራሱ ነው። ከወጣቶቻችን መካከል አደን የጀመሩ አሉ፤ ማሰሪያ ቀበቷቸውን ከመሬት ሳይነሱ ይታጠቁ፤ ጠመንጃ የያዘም ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳያይ ጣቱን ወደ ምላጩ አያምጣ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ነጠላችን ነው። በ1988 ኖቬምበር ላይ በሜይን ግዛት አንዲት እናት ከቤቷ ጀርባ በአዳኝ ጥይት ተመትታ ሞተች። እጇ ላይ ነጭ ጓንት ነበረ፤ አዳኙ አጋዘን ያየ መስሎት ነበር። ይህ እንስሳ ሲደነግጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ከስሩ ያለው ነጭ ጠጉር ከሩቅ ብልጭ ይላል። የአዳኝ ዓይን ያንን ብልጭታ ለምዷል። ለዚህም ነው አሠልጣኞች በአደን ወቅት ጫካ የሚገባ ሰው ነጭ እንዳይለብስ የሚመክሩት። እኛ ደግሞ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰን ነው የምንወጣው። ብዙ አጥቢያዎቻችን መሬት የገዙት ከከተማ ወጣ ብለው ጫካ ዳር ነው። መኪና ማቆሚያው ሲሞላ ሰው ከመንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ ይመጣል፤ ልጆች ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ውስጥ ገብተው ይሯሯጣሉ።

ቨርጂኒያ ለረጅም ዘመን እሑድ አደን ከልክላ ነበር። በ2014 በግል መሬት፣ በ2022 ደግሞ በሕዝብ መሬት ላይ ፈቅዳለች። ሕጉ እሑድ ከአምልኮ ቦታ በ200 ያርድ ውስጥ ማደንን ይከለክላል፤ ይህ 180 ሜትር ያህል ነው። መልካም ጥበቃ ነው፤ ግን የጠመንጃ ጥይት ከዚያ እጅግ ርቆ ይሄዳል። በጠመንጃ አደን ወቅት አዳኞቹ ራሳቸው ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንዲለብሱ ይገደዳሉ። የአጋዘን ዓይን ብርቱካንማን ከቅጠል አረንጓዴ አይለይም፤ የሰው ዓይን ግን ከሩቅ ይይዘዋል። እኛን የሚያስገድደን ሕግ የለም፤ ከነጠላ በላይ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያ መደረብ ግን ክብር አይቀንስም።

ስለ ሥጋው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። አጋዘን በኦሪት ዘዳግም 14 «ዋላ» ተብሎ ከተፈቀዱት እንስሳት ተቆጥሯል፤ በማን እጅ እንደታረደ ለሚጨነቅ ሰው ግን መልሱ ከንስሐ አባቱ ጋር ነው። እኔ አጥብቄ የምለው ለጥሬና ለክትፎ እንዳይውል ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋስ በአጋዘን ሥጋ ውስጥ ይገኛል፤ ሥጋውን በደንብ ማብሰል ይገድለዋል። አጋዘንን አክስቶ የሚገድል አንድ የአንጎል በሽታ ደግሞ በቨርጂኒያ ከ2009፣ በሜሪላንድ ከ2010 ወዲህ ታይቷል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም መንስኤው በምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ ሥጋ ሳይመረመር አይበላ።

ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አንድ ልመና አለኝ። የማኅሌተ ጽጌ መርሐ ግብር ሲታወጅ ስለ መንገዱና ስለ አደኑ ወቅት ሁለት ደቂቃ ይነገር፤ የአካባቢው የአደን ቀናት በካውንቲው ጽሕፈት ቤት ተጠይቀው ከበሩ ላይ ይለጠፉ። መኪና ለሚያስተናግዱ ወንድሞችና ከመንገድ ዳር በእግር ለሚመጡ አረጋውያን ብርቱካንማ ሰደርያ ይገዛ፤ ሃያው ቢገዛ እንኳ በአጋዘን የተሰበረን አንድ የመኪና ፊት ለማሠራት ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው።