የወንድምን ስም በጸሎት ማንሣት



ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በተነሣ ቁጥር ከሥራ ባልደረቦቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ነገሩ የሊቃውንት ነው፤ እኛን አያገባንም» ይላል። ሌላው «ሃይማኖት ይደባለቃል» ብሎ ይሠጋል። ሁለቱም በዚህ ነገር ጸሎት ያለውን ድርሻ የዘነጉ ይመስለኛል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በአገር ቤትና በውጭ አገር ተከፍላ በኖረችበት ዘመን፣ መለያየቱ ጎልቶ ይሰማ የነበረው በቅዳሴ ጊዜ ነው። ይኸውም አንዱ ወገን የአቡነ መርቆሬዎስን፣ ሌላው ወገን በአዲስ አበባ መንበር ያሉትን ፓትርያርክ ስም ይጠራ ስለ ነበር ነው። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድ፣ ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስም በጸሎት አብሮ እንዲነሣ የሚል ነበር። ሽማግሌዎች ብዙ ደክመዋል፤ ምእመኑ ግን ዕርቁን በጆሮው የሰማው ሁለቱ ስሞች በአንድ ጸሎት በተጠሩ ጊዜ ነው።

እንግዲህ መለያየት ስምን ከጸሎት በማውጣት የሚጸና ከሆነ፣ አንድነትም ስምን ወደ ጸሎት በመመለስ ይጀመራል። ማለዳ ለእግዚአብሔር ያቀረቡትን ሰው ማታ ማማት ይከብዳልና።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የማስተምር ሰው ነኝ። በአካባቢያችን በመካኒሳ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትና የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ጎረቤታሞች ናቸው። ነገር ግን በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ተማሪዎች በሃይማኖት ስም ሲሰዳደቡ እሰማለሁ። ስድቡን ያስተማርናቸው እኛ መምህራን አይደለንም፤ ከየቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ።

በብዙ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ አንድነት የሚጸልዩበት ሳምንት አላቸው። ይህም ሳምንት በእኛ አቈጣጠር ከጥር 10 እስከ 17 ስለሚውል፣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከከተራ ጋር ይገጥማል። በእነዚህ ቀኖች ማንም ከአጥቢያው ሳይወጣ፣ እምነቱንም ሳይለውጥ፣ ኦርቶዶክሱ ስለ ካቶሊኩና ስለ ፕሮቴስታንቱ ጎረቤቱ፣ እነርሱም ስለ እርሱ ስም ጠርተው ቢጸልዩ ምን ይጎዳል? የትምህርተ ሃይማኖቱ ክርክር በሊቃውንቱ እጅ ይቆይ። ልጅ ግን አባቱ ስለ ጎረቤቱ ሲጸልይ እየሰማ ካደገ፣ ያንኑ ስም በትምህርት ቤት ለስድብ አያነሣውም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ