ሙሶሊኒን ዘግይቶ ማስታወስ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። በዓለም ፖለቲካ ግን የወጋውም፣ ሲወጋ ቆሞ ያየውም የሚያስታውስበት ቀን አለ፤ ማስታወሱ ሲጠቅመው።

ማስረጃዬ የስዊዝ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ሊወርረን ሲነሣ ወታደሩንና ጥይቱን ያሻገረው በዚያ በኩል ነበር። ብሪታንያ ቦዩን አልዘጋችበትም። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣለው ማዕቀብም ነዳጅ ዘይት አልተካተተም። በሰኔ 1936 መንግሥታቸው የማዕቀቡን መነሣት መደገፉን ለፓርላማ ያስታወቁት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንተኒ ኤደን ነበሩ። በዚያው ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ፤ ማዕቀቡ ግን ተነሣ።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1956 ናስር ያንኑ ቦይ የመንግሥት ንብረት ሲያደርጉ፣ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ የነበሩት ኤደን የግብጹን መሪ ከሙሶሊኒ ጋር አመሳሰሏቸው። ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር በምስጢር ተስማምተውም ጦር አዘመቱ። ለእውነተኛው ሙሶሊኒ ክፍት የነበረው ቦይ፣ ሙሶሊኒን ይመስላል በተባለው ሰው ጊዜ የጦር ሜዳ ሆነ! የአሜሪካ ግፊት ሲበረታ ጦሩ ተመለሰ፤ ኤደንም በጥር 1957 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ኤደን ታሪክ አያውቁም ነበር ልንል አንችልም። በ1938 ከሚኒስትርነት የወጡት ቼምበርሌን ለሙሶሊኒ የዘረጉትን እጅ ተቃውመው ነው። ችግሩ አለማወቅ አይደለም፤ ትናንት ያልከፈሉትን ዕዳ ዛሬ ከሌላ ሰው ለመሰብሰብ መሞከር ነው።

ታዲያ ትዝታ ሁሉ ሽፋን ነውን? አይደለም። ኢትዮጵያ ጄኔቭን አስታውሳ በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ስትልክ፣ ለእርሷ የተነፈጋትን የጋራ ደኅንነት ለሌላው በልጆቿ ደም ከፍላለች። እኔ የምመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፤ ትዝታው አስታዋሹን ራሱን ያስከፍለዋል ወይስ ሌላውን ብቻ ይከስሳል?

ሚዛኑ ለእኛም ነው። በ2021፣ በሰሜኑ ጦርነት መካከል፣ የዓድዋ ስም በየአደባባዩ ሲጠራ ሰምተናል። በ1896 በአንድ ሰልፍ የተዋደቁ አባቶች ልጆች እርስ በርስ እየተላለቁ፣ ዓድዋ ከተማ ራሷ ከጦርነቱ ሳታመልጥ፣ ድሉን ለዚያ ጦርነት ማሟሟቂያ ማድረግ ታሪክን ከምስክርነት አውርዶ ጠበቃ አድርጎ መቅጠር ነው። ዓድዋ አንድ ነገር ካስገደደን፣ የሚያስገድደን ባዕዱን ከመውቀሳችን በፊት ወንድማችንን እንድንሰማ ነው።