«መጽሐፌ ገበያ ላይ ዋለ»… እሺ፣ ከዚያስ?

ባለፈው ሳምንት ፌስቡኬን ብከፍተው በአንድ ቀን ብቻ ሦስት መጽሐፍ «ገበያ ላይ ዋለ»። ሦስቱም የሽፋን ፎቶ አላቸው። ከሦስቱም ሥር እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ አበባና ጭብጨባ ተደርድሯል። እኔም እንደ ሰዉ ጭብጨባዬን አስቀመጥኩ። ገዛሁ ወይ? አልገዛሁም። ስለ ምን እንደሆነ ማን ነገረኝና!

አንዱ ምስኪን «የት ይገኛል? ዋጋውስ?» ብሎ ጠይቋል። የደራሲው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ኢንቦክስ»። እናንተዬ፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ታትሞ የወጣ ዋጋ ምኑ ነው ሚስጥሩ? ጫማ ነጋዴ ቢያደርገው ይገባኛል፤ ፊታችንን አይቶ ሊጨምርብን ይችላል።

ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ ብቻ አይደለም። አብራኝ ጋዜጠኝነት የተማረች ጓደኛዬ አምና የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አሳትማለች። በዕቁብ ብር ነው ያሳተመችው፤ 1000 ኮፒ። እኛ አገር አብዛኛው ጀማሪ ደራሲ እንዲሁ ነው። ማተሚያ ቤቱን የሚከፍለው ራሱ፣ ካርቶኑን የሚሸከመው ራሱ። አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ድርሻውን ያነሳና የቀረውን ሲመቸው ያወራርዳል። ጓደኛዬም የሽፋኑን ፎቶ ለጠፈች፤ ከ600 በላይ ላይክ አገኘች። በሦስተኛው ወር ቤቷ ስሄድ ካርቶኖቹ አልጋዋ ሥር ተደርድረው ነበር። «ላይኩ ሁሉ ገዢ መስሎኝ» አለችኝ እየሳቀች። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

«ለምን አንድ ሁለት ገጽ አታነቢላቸውም?» አልኳት።

«ከዚያ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ላገኘው?»

ከመሬት ተነስታ አይደለም የፈራችው። ሙሉ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ በነጻ የሚታደልባቸው ቻናሎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። (አውርዶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም።) ግን አስቡት፤ የሚሰርቀው ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ነው ከዳር እስከ ዳር ስካን የሚያደርገው። ሁለት ገጽ በመደበቅ እሱን አናስቆመውም። የምናስቆመው ልግዛ አልግዛ እያለ የሚያመነታውን ነው።

ደግሞስ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ምን ሆነ? መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እስቲ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ በዛብህንና ሰብለወንጌልን በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው የተዋወቁ ሞልተዋል። በነጻ ተሰማ ተብሎ መጽሐፉ ከገበያ አልጠፋም፤ ስንት ዓመት ሙሉ እየታተመ ሲሸጥ ኖሯል። ያኔ ሬዲዮ የሠራውን ሥራ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ለምን አይሞክረውም?

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጓደኛዬ እሺ አለች። አንደኛው ታሪኳ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን ቦርሳ ስላገኘ የታክሲ ረዳት ነው። ሁለት ደቂቃ በስልኳ አነበበችው፤ ሙዚቃ የለ፣ አበባ የለ። ልጁ የቦርሳውን ዚፕ ሲይዝ አቆመች። ከሥሩ ዋጋውን፣ አራት ኪሎ ያለውን መጽሐፍ መሸጫና የቴሌብር ቁጥሯን ጻፈች። ከዚያ ሰዉ ስለ ቦርሳው ተጣላ! ብር ነው ያለ አለ፣ ሕፃን ነው ያለም አለ። አንዱ ደግሞ «ወንድሜ ረዳት ነው፣ እኛ እንዲህ አይደለንም» ብሎ ተቆጣ። በሁለት ሳምንት አንድ ካርቶን አለቀ። ተአምር አልሆነም፤ አንድ ካርቶን ነው። ግን ከሦስቱ ወር ይበልጣል።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ያነበቡት ሰዎች ራሳቸው መጽሐፉን ይዘው እየተነሱ መለጠፍ ጀመሩ። አሜሪካዊቷ ኮሊን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ የተቀመጠው ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ወጣት አንባቢዎች ቲክቶክ ላይ እያለቀሱ ስላወሩለት። መጽሐፉን እወደዋለሁ አልልም። ግን ወሬውን ያደመቁት አንባቢዎቿ ናቸው፤ ደራሲ ስለ ራሱ ሲያወራ እንደዚያ አይታመንም።

ታዲያ ሁሉም ደራሲ ካሜራ ፊት ይቁም ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ባይቆም ይሻለዋል፤ እስክስታ እየመታ ልቦለድ የሚያስተዋውቅ አይቼ አፍሬለታለሁ። በእውቀቱ ስዩምን ተመልከቱ። ፌስቡክ ላይ ወግ ይጽፋል፣ እንስቃለን፣ ለጓደኛ እንልካለን። «ግዙኝ» ሲል አይሰማችሁም፤ መጽሐፍ ሲያወጣ ግን ስሙን አዟሪው ሲጠራው ዞር እንላለን። ያ የአንድ ሳምንት ዘመቻ ውጤት አይደለም፤ ዓመታት የጻፈበት ነው። ጀማሪ ደራሲ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ገጽ ሲከፍት ዘግይቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተውብን እንደነበር አትርሱ። ቪፒኤን የሌለው አንባቢ አምስት ወር ያህል ጠፋ። በዚያ ሰሞን መጽሐፍ ያወጣ ሰው ሽፋኑን ለማን ያሳይ? ጓደኛዬ አሁን የገዛትን ሰው ሁሉ ስልክ፣ ፈቃዱን ጠይቃ፣ በደብተር ትመዘግባለች። ለሚቀጥለው መጽሐፍ ቴክስት ልትልክላቸው ነው። እኔ ደብተሩን ሳይ ሳቅሁባት፤ እሷ አልሳቀችም።

የቀሩት ካርቶኖች እስካሁን አልጋዋ ሥር ናቸው። ዋጋው 250 ብር ነው፤ ኢንቦክስ አያስፈልግም።